መምህርት ውባለምና የጨፌዋ ባለዘውድ ወፍ

መምህርት ውባለም ያረፉት በጳጉሜ፣ ሰው ሁሉ ለዘመን መለወጫ ሽር ጉድ በሚልበት ሰሞን ነው። መርዶው የደረሰኝ እንጅባራ ገበያ መሀል ዶሮ ስመርጥ ነበር። ጎረቤታቸው ደውላ «ጋሼ ደሳለኝ፣ መምህርታችን አረፉ» አለችኝ። የያዝኩትን ዶሮ ለማን መልሼ እንደሰጠሁት ዛሬም አላስታውስም። ብዙዎቻችሁ ለቀብራቸው ከዳንግላም ከቻግኒም መጥታችሁ አብረን አልቅሰናል። አሁን ሰማንያቸው ደርሷል፤ ለቅሶውም በረድ ብሏል። ይህን ለእናንተ ለወዳጆቻቸው የምጽፈው የመጨረሻ ክረምታቸውን ላጫውታችሁ ብዬ ነው፤ እርሳቸውም ከሙሾ ይልቅ ጨዋታ ይወዱ ነበርና።

አብዛኞቻችሁ የምታውቋቸው በጠመኔና በጥቁር ሰሌዳ ነው። ከደብረ ማርቆስ በኩል ገና በወጣትነታቸው እንጅባራ መጥተው፣ ሳይንስ ሲያስተምሩ ኖረው፣ አዊኛን ከተማሪዎቻቸው አፍ ለቃቅመው እንደ አገሬው ሰው ይናገሩት ነበር። እኔ እዚያው ትምህርት ቤት ሒሳብ አስተምር ነበር፤ አዊኛ ግን ዛሬም ከሰላምታ አላልፍም። ጡረታ ከወጡ በኋላ የቅዳሜ መንገደኛ ጓደኛቸው ሆንኩ። ከቆሰበር፣ ከዚያው ከእንጅባራ ከተማ፣ በሚኒባስ ወጥተን ዘንገና ሐይቅን በእግር እንዞራለን። እርሳቸው የሚሄዱት አራዊትና ወፍ ለማየት ነው፤ እኔ የምሄደው ለአየሩና ለጨዋታቸው። «ደሳለኝ፣ አንተ ጭልፊትና ቁራ የምትለየው ስማቸው ደረታቸው ላይ ቢጻፍ ብቻ ነው» ይሉኝ ነበር፤ እውነታቸውን ነው።

ከወቅቶች ሁሉ የሚወዱት የክረምቱን መውጫ ነው። ነሐሴ ሲጋመስ፣ ጉሙ ከሐይቁ ላይ ገለጥ ሲል፣ አፋፉ ላይ ይቆሙና እንደ ክፍል ኃላፊ ስም ይጠራሉ። «ጉሬዛ?» ይላሉ። ጥዱ ላይ ጥቁርና ነጭ ካባውን አንዠርግጎ የተቀመጠውን እያየሁ «አለ!» እላለሁ። «ዳክዬ?» «አለ።» «ድኩላ?» ዝም ስል «ዛሬም ቀሪ፤ ወላጅ ይጠራ» ብለው ይስቃሉ። ጦጣዎቹ ሳይጠሩ ነው የሚመጡት፤ ቆሏችንን ከኪሴ አውጥተው የበሉባቸውን ቅዳሜዎች እርሳቸው «የተግባር ትምህርት» ይሏቸው ነበር።

ከሐይቁ ጫካ ወጥተን ቁልቁል ስንወርድ ደግሞ ጨፌው አለ። ክረምቱን ሙሉ ውሃ የሚተኛበት፣ ቄጠማው ከወገብ በላይ የሚያድግበት የመንደሩ የጋራ ሳር ነው። ዙሪያው ስለሚታጠር ከብት እስከ መስቀል አይገባበትም። ለአዲስ ዓመት ቤት የሚጎዘጎዘውን ቄጠማ ግን ሴቶቹ በጳጉሜ ገብተው ያጭዱና ገበያ ያወርዱታል። አንገተ ረጅሟ፣ ራሷ ላይ የወርቅ ክር የመሰለ ዘውድ ያላት ወፍ በየዓመቱ እዚያ ታርፋለች። መምህርት «ባለዘውዷ» ይሏታል። ስትበር፣ ስትጨፍር፣ ትል ስትለቅም አይተዋታል። ጎጆዋን ግን በዕድሜያቸው አላዩም፤ ጫጩቷንም እንደዚያው። ዘንድሮ ሐኪም በሽታቸውን ከነገራቸው በኋላ አንድ ነገር ብቻ ሲመኙ ሰምቻለሁ። «አንድ ጊዜ ጫጩቷን ባይ ደስ ይለኛል» አሉኝ፣ ሻይ ጨምርልኝ በሚሉበት ድምፅ።

ነሐሴ መግቢያ ላይ ከነጎጆዋ አገኟት። በአቅራቢ መነጽራቸው ረጅም ጊዜ ካዩ በኋላ መነጽሩን ለእኔ ሰጡኝ። ባለዘውዷ በቄጠማው መሀል እንቁላል ታቅፋለች። ደስታቸው ግን ብዙ አልቆየም። «ጳጉሜ ማጭድ ይመጣል» አሉ። «ተፈልፍለው ቢደርሱ እንኳ ሮጠው የማያመልጡ ሕፃናት ናቸው።»

እዚህ ላይ ነው መምህርት የተሳሳቱት። አጫጆቹ ቦታውን እንዲያውቁት ብለው ቀይ ጨርቅ ቀደው፣ በባሕር ዛፍ ችካል ላይ አስረው፣ ከጎጆው ራቅ አድርገው ዙሪያውን ተከሉ። እኔም መዶሻ አቀባይ ነበርኩ። ሁለታችንም የተማርን ሰዎች ነን፤ ቀይ ጨርቅ የታሰረበት ችካል በገበሬ ዓይን ምን እንደሚመስል ግን አንዳችንም አላሰብንም።

በሳምንቱ ስንመለስ መንደሩ ጨፌው ዳር ተሰብስቧል። ሽማግሌዎቹ ዱላቸውን ተደግፈው ቆመዋል፤ ችካሎቹ ተነቅለው መሬት ላይ ተከምረዋል። መሬታችን ተለክቶ ለሌላ ሊሰጥ ነው ብለው ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰዳቸውም። የጨፌው አዛዥ፣ የጋራውን ሳር የሚያስጠብቁት አቶ ካሴ፣ ሲያዩን በአማርኛ «መምህርት፣ መጡ? እስቲ ይዩልን፤ ማን እንደለካብን እንኳ አላወቅን» አሏቸው።

መምህርት በአዊኛ አንድ አጭር ነገር ተናገሩ። ሰው ሁሉ ወደ እርሳቸው ሲዞር ምን እንዳሉ ገባኝ፤ «እኔ ነኝ» ነበር ያሉት። ከዚያ ጎንበስ ብለው ከመንገዱ ዳር ድንጋይ አነሱና፣ ጥፋተኛ ይቅርታ ሲለምን እንደሚያደርገው፣ ማጅራታቸው ላይ ተሸከሙት። በሽታው ጉልበታቸውን ጨርሶት ነበር። ልደግፋቸው ስል በዓይናቸው ከለከሉኝ።

አቶ ካሴ ሮጠው ድንጋዩን ያዙት። «ኧረ ያውርዱት መምህርት! ልጆቼን ሁሉ አስተምረው እኔ ፊት ድንጋይ ይሸከሙ?»

«ማስተማሬ ሌላ፣ ጥፋቴ ሌላ። አስደንግጫችኋለሁ። ይቅር በሉኝ።»

«ይቅር ብለናል። ደግሞ ለምን ተከሉት?»

መምህርት መነጽራቸውን ከአንገታቸው አውልቀው፣ ማጭዷን ብብቷ ስር ይዛ ከፊት ለቆመችው ለእናኑ ሰጧት። እናኑ በየዓመቱ ቄጠማ እያጨደች ልጆቿን ያሳደገች ሴት ናት። ዓይኗ ላይ ስታደርገው ወደ ኋላ ዘለለች፤ ቀጥላ ወፏን ልትነካት እጇን ዘረጋች። «እንዴ፣ ታቅፋለች! እኔ እኮ አምና እዚሁ ነው ያጨድሁት» አለች። መነጽሩ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር የቆየው ድንጋጤ ወደ ሳቅ ዞረ። ሽማግሌዎቹ ተነጋግረው ፈረዱ፤ ዘንድሮ የሚታጨደው ከዳር ነው፣ መሀሉ ወፏ ልጆቿን ይዛ እስክትወጣ ይቆያል። በመምህርት ላይ የጣሉት ቅጣት አንድ ብቻ ነበር፤ ከእንግዲህ በማንም መሬት ላይ ችካል እንዳይተክሉ። «በደስታ» አሉ፤ ሲመለሱ ሚኒባስ ውስጥ እንደ ልጅ ይስቁ ነበር።

ያ የመጨረሻ ጉዟቸው ሆነ። ከዚያ ወዲያ ከአልጋ አልወረዱም። እኔ በባጃጅ እየተመላለስኩ ወሬ አመጣለሁ። ነሐሴ ሊያልቅ ሲል አቶ ካሴ ደውለው ኔትወርኩ እየተቆራረጠ «ጫጩቶቹ ወጥተዋል! ወጥተዋል!» አሉኝ። ሄጄ አይቼ በሩጫ መጣሁ።

«ስንት ናቸው?» አሉኝ።

«ሁለት።»

«መልካቸው?»

«በሶ ይመስላሉ።»

«እናትየው ከፊት ነው የምትሄድ ከኋላ?»

«እሱን ልብ አላልኩም።»

«እንግዲያው ምኑን አየኸው? ሂድና እይ።»

በነጋታው ሄጄ አየሁ፤ እናትየው ከፊት፣ አባትየው ከኋላ፣ ልጆቹ መሀል ናቸው። ስነግራቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ፈገግ አሉ። «አየኋቸው» አሉኝ። በዓይናቸው አላዩም፤ ነገር ግን ያን ቀን ፊታቸው ላይ የነበረውን ደስታ ያየ ሰው ቀረባቸው ሊል አይችልም። እኔም አልልም።

በጳጉሜ እናኑ አንድ ሸክም ቄጠማ ይዛ ልትጠይቃቸው መጣች። «እግዜር ይማርዎት መምህርት። ከዳር ያጨድሁት ነው፤ መሀሉን አልነካሁም» ብላ ዓመቱ ሳይለወጥ አልጋቸው ዙሪያ ጎዘጎዘችላቸው። ቤቱ ጨፌ ጨፌ ሸተተ። መምህርት እጃቸውን ወደ ታች ሰደው አንድ ዘለላ አነሱና ደረታቸው ላይ አኖሩት። ቄጠማው ሳይጠወልግ አረፉ።

መምህርት ሆይ፣ አሁን ለእርስዎ ነው የምናገረው። መስቀል አለፈ፤ የሌላው መንደር ከብት ሳር ላይ ሲውል አቶ ካሴ የመንደሩን ከብት እየመለሱ፣ እየተነጫነጩም ጭምር፣ መሀሉን እስከ ኅዳር ጠበቁት። ባለፈው ቅዳሜ እናኑ፣ አቶ ካሴና እኔ ጨፌው ዳር ቆመን ነበር። መጀመሪያ ወላጆቹ ተነሱ። ከዚያ አንደኛው ልጅ ተከተለ፤ ሁለተኛው ትንሽ በሮ የድንች ማሳ ላይ ወደቀ፤ ተነሳ፣ ክንፉን አራገፈ፣ እንደገና ሞከረ። ሁለቱም በረሩ፣ መምህርት። በዘንገና ጫካ አናት ላይ አልፈው እስኪሰወሩ ቆመን አየን፤ እኔ አለቀስኩ፣ ደስም አለኝ። ወዲያው አቶ ካሴ አጥሩን ከፈቱ፣ ከብቱም ገባ። ጨፌው ላይ የሚጠበቅ ነገር አልቀረም። እንግዲህ ይረፉ።