አስካለ ለባትሪው ያለበሰችው ባና

ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳ ተናግሬው አላውቅም። ፆም መሻሬን ነግሬያቸዋለሁ፣ ሰክሬ ሰው መማታቴንም ነግሬያቸዋለሁ። እዚህ ላይ ስደርስ ግን ምላሴ ይተሳሰራል። ስትሰሙኝ "እግዜር ይፍታህ" ለማለት አትቸኩሉ።

ዘመኑ በየቀበሌው ስለ ልማት ስብሰባ የሚጠራበት፣ መብራቱ ግን ከከተማ ያላለፈበት ነበር። እኔ መንዝ፣ ቀየት ከተማ ላይ ሶላር እሸጥ፣ ገጠር እየወጣሁም እተክል ነበር። እትዬ በለጡ የሚባሉ ባልቴት ከምራታቸው ከአስካለ ጋር ይኖራሉ፤ ልጃቸው ለሥራ ቆላ ወርዷል። የሶላሩን ሰሌዳ ቆርቆሯቸው ላይ ሳስር "ለመሆኑ ስንት ዘመን ያገለግላል?" አሉኝ።

"ከእርስዎም ከእኔም ዕድሜ ይበልጣል" አልኳቸው።

ስለ ሰሌዳው ብዙም አልዋሸሁም፤ ሰሌዳ ከሃያ ዓመት በላይ ይኖራል። ባትሪ ግን በደንብ ቢያዝም ዕድሜው ጥቂት ዓመት ነው፤ ኃይል ሳይሞላ ከተቀመጠ ደግሞ እንዳልተቀለበ ከብት ይሞታል። ለእሳቸው የሰጠሁት ሱቄ ውስጥ ሳይሞላ ሁለት ክረምት ያሳለፈውን ነው። አላወቅሁም ነበር? አውቅ ነበር። ከሚከስርብኝ ብዬ ሰጠኋቸው።

ዓመት ሳይሞላው መብራቱ ደከመና አስጠሩኝ። ባትሪው በባና ተጠቅልሎ ጥግ ላይ ተቀምጧል። አስካለ ለራሷ ልትለብሰው ሱፉን ፈትላ ያሠራችው ባና ነው።

"ብርድ እንዳይመታው ብዬ እኮ ነው" አለች፣ ፈገግ ብላ። የመንዝን ብርድ የሚያውቅ አይፈርድባትም።

እኔ ግን ፈረድኩባት። "ታፍኖ ነው የሞተው፤ ባናው ነው የገደለው" አልኩ። እኔ፣ በዚህ አፌ። ፈገግታዋ ሲጠፋ አየሁ። አየሁና ዕቃዬን ሰብስቤ ወጣሁ።

አማትና ምራት መቼ ነገር ያጣሉ እያልኩ ራሴን ሳጽናና ኖሬያለሁ። ውሸት ነው። እትዬ በለጡ ከዚያ በፊት "ልጄ" ነበር የሚሏት። ከዚያ ወዲህ "ቤቴን ያጨለመች" ሆነች። እህል ቢነቅዝ በእሷ፣ በግ ቢሞት በእሷ ተሳበበ። ባሏ ሲመለስ የእናቱን ሰማ። ሽማግሌ ተቀመጠ፤ እኔም ለምስክርነት ተጠራሁ። እዚያ እንኳ እውነቱን ብናገር ምን ነበረበት? ስሜ እንዳይጠፋ፣ ገበያዬ እንዳይቀዘቅዝ ብዬ ያንኑ ደገምኩት። ተፋቱ። አስካለ ግሼ፣ ወላጆቿ ቤት ገባች።

ከዓመታት በኋላ ራቤል ገበያ ላይ አገኘችኝ። ከስታለች፣ ጠቁራለች። እጅ ነስታ "ጋሼ፣ እውነት ባናው ነው የገደለው?" አለችኝ። ልትወቅሰኝ አልነበረም፤ ጥፋቷን ማወቅ ፈልጋ ነው። ሽማግሌ የለ፣ ገዢ የለ፣ የሚሰማን ሰው የለ። ምን እፈራ ነበር?

"አዎ" አልኳት።

"እንግዲህ ሳላውቅ ነው" ብላ ነጠላዋን አጣፍታ ሄደች።

ሰሌዳው ዛሬም የእትዬ በለጡ ቆርቆሮ ላይ አለ። በዚያ ባለፍኩ ቁጥር አንገቴን አዞራለሁ። ይቅር በሉኝ አልላችሁም፤ የበደልኩት እናንተን አይደለም። ይህን የምታነብላት ሰው ብትኖር ግን እንዲህ በልልኝ። አስካለ፣ ባናው ምንም አላደረገም። ባትሪው ቤትሽ ሲገባ ሞቶ ነበር፤ እያወቅሁ ያመጣሁት እኔ ነኝ።