ካቺሲ ድረስ የተሸከምኩት አብሽ

ማለዳ ከአምቦ መናኸሪያ ስነሳ በእጄ የያዝኩት የተፈጨ አብሽ፣ ተልባና የአጃ ዱቄት ነው። ታናሽ እህቴ ሌንሴ ካቺሲ ወልዳ ወተቷ አልበቃ ብሏል። ሕፃኑ ኪሎ ካልጨመረ ወደ አምቦ ሪፈር እንደሚጻፍለት የጤና ጣቢያዋ ነርስ ነግራታለች። «እቴቴ፣ አያለቅስም እኮ! ዝም ብሎ ይተኛል» አለችኝ በስልክ። ያ ዝምታው እንቅልፍ ነሳኝ።

ጊንጪ

መኪና ልቀይር ስጣደፍ ፌስታሉ ተቀደደና አጃው ተበተነ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይሉት እኔን ነው። አንድ ባለሱቅ ሌላ ፌስታል ይዞልኝ ወጣ።

«ለአራስ ነው አይደል?»

«በምን አወቅህ?»

«አብሽና አጃ ይዞ እንዲህ የሚሮጥ ሌላ ማን አለ? አይዞሽ፣ ወተቱ ይመጣል፣ ኢንሻአላህ።»

ጎጆ

ብርዱ አጥንት ይገባል። ሾፌሩ ቅቅል ድንቹን በሚጥሚጣ እያጣቀሰ ቀስ ብሎ ይበላል፤ እኔ ከገዛሁት አንዷም አልወርድ አለችኝ። ከዚያ ወዲያ ያለው መንገድ አቧራና ጉድጓድ ነው።

ካቺሲ

አማቷ አዴ ጫልቱ «አካም ጂርታ?» እያሉ አገላብጠው ሳሙኝ። ሌንሴ ፊት በቅቤ የራሰ ገንፎ ቀርቧል። ያመጣሁትን አብሽ ወዲያው በጠበጡት። ሌንሴ ጠጣች፤ የተረፈውን ደግሞ አዴ ጫልቱ በሻይ ማንኪያ ለሕፃኑ አጠጡት። ልጁ እንቅልፍ ወሰደው። እፎይ፣ ጠገበ አልኩ። ሌንሴ ጡቷን ስትሰጠው ግን ፊቱን አዞረ።

በማግስቱ ጤና ጣቢያ ሄድን። ምንም አልጨመረም።

«ከጡት ሌላ ምን ትሰጡታላችሁ?» አለች ነርሷ።

«አብሽ ነዋ!» አሉ አዴ ጫልቱ በኩራት። «ከተወለደ ጀምሮ ጧትም ማታም። ለእናቱ የበጀ ለልጁ አይበጅም?»

«እማማ፣ ሆዱ በአብሽ ከሞላ ጡቷን ማን ይጠባል? ካልተጠባስ ወተቱ ከየት ይመጣል? አብሹ ቢሆን ለእሷ ነው፤ ለእሱ ጡት ብቻ። ቢተኛም እየቀሰቀሳችሁ አጥቡትና መልሳችሁ አምጡት። ካልጨመረ ሪፈሩን እጽፋለሁ።»

ቤት ስንገባ አዴ ጫልቱ ማንኪያዋን አንስተው ኪሳቸው ከተቱ። ልትጠይቅ የመጣች ጎረቤት «ትንሽ አብሽ ላቅምሰው» ስትል፣ «ዲሲ! ተዪ!» ብለው ጮኹባት። «የዚህ ልጅ ምግብ ያለው እናቱ ጋ ነው።»

አምቦ

የሥራ ፈቃዴ አልቆ ልጁ ዳግም ሳይመዘን ተመለስኩ። መንገዱን ሁሉ ስልኬን እንደጨበጥኩ ነበር። የቤቴን በር ስከፍት ጠራ።

«እቴቴ፣ ጨመረ!»

ደጃፉ ላይ ተቀመጥኩ። አብሹም አጃውም አራስን ይደግፋል፤ ወተቱን የሚጠራው ግን ልጁ ራሱ መሆኑን ካቺሲ ድረስ ሄጄ ተማርኩ። ከሌንሴ ኋላ ሕፃን ሲያለቅስ ይሰማኛል፣ ቤቱን ቀውጦታል።

«ምን ሆኖ ነው?»

«ላንቺ ልደውል ጡቱን ነጥቄው።»

«በይ ዝጊው» አልኳት እንባዬን እየጠረግኩ። «ሂጂ አጥቢው።»