የልጅ ልጄ የላከችብኝ ሽማግሌዎች

ሽማግሌ የሚላከው ለጋብቻ ወይም ለዕርቅ ነው ብዬ ነበር የማውቀው። የኮሌጅ ነገር ይዞ ሽማግሌ ሲመጣ ያየሁት እዚህ ሎስ አንጀለስ፣ የሐበሻ ሱቆች ከተደረደሩበት ከፌርፋክስ ጎዳና ጀርባ ባለችው ጠባብ አፓርታማችን ነው። የተላከውም በእኔው ላይ። ላኪዋ ደግሞ እዚሁ ተወልዳ ያደገችው የልጅ ልጄ ናት።

ልጅቷ ሐኪም መሆን ትፈልጋለች። እኔ ብዙም አልተማርኩ፤ ሐኪም የሚሆን ልጅ በቀጥታ ሕክምና ትምህርት ቤት ገብቶ የሚወጣ ይመስለኝ ነበር። እዚህ አገር ግን መጀመሪያ ሌላ ኮሌጅ አራት ዓመት ተምረው፣ ከዚያ እንደ አዲስ ማመልከት ነው አሉ። እሷን ሁለት ቦታ ተቀበሏት። አንደኛው እዚሁ ከተማ ያለ፣ ስሙ የገነነ ትልቅ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ከቤት እየተመላለሰች ትማራለች። ሌላው ማንም ሰምቶት የማያውቅ፣ በረዶ የሚወርድበት ሩቅ ቦታ ያለ ትንሽ ኮሌጅ።

እሷ ትንሹን መረጠች።

«አባባ፣ ትልቁ ጋ ኬሚስትሪ ክላስ አዳራሽ ሙሉ ሰው ነው። ሁሉም ዶክተር መሆን ይፈልጋል። አስተማሪው ስሜን እንኳ አያውቅም። ሶ፣ ሜዲካል ስኩል አፕላይ ሳደርግ ማን ይመሰክርልኛል?» አለችኝ።

እናቷ፣ ማለት ልጄ፣ አረጋውያን ስትንከባከብ ውላ የምታድር ናት፤ «አባባ ከፈቀዱ» ብላ ነገሩን እኔ ላይ ጣለችው። እኔም አይሆንም አልኩ። ለምን እንደሆነ ግን አልተናገርኩም።

ይቺ ልጅ እግሬም ዓይኔም ናት። መኪና አልነዳም፤ እንግሊዝኛውም አይገባኝም። ሐኪም ቤት ድራይቭ አድርጋ የምትወስደኝ፣ ሐኪሙ ያለውንም የምትነግረኝ እሷ ናት። እሷ ከሌለች ያለኝ በእግሬ የምደርስበት ያው አንድ ጎዳና ነው። ይህን ደግሞ አንድ ትልቅ ሰው እንዴት አፍ አውጥቶ ይናገራል? ልጅቷን እንደ ምርኩዝ ላስቀራት? ብናገር ማፈሬ ነው፤ ዝም ብል ጨካኝ መባሌ ነው። እንዲሁ ታንቄ ሰነበትኩ።

ቅዳሜ ከሰዓት በር ተንኳኳ። ስከፍት፣ ጡረታ የወጣው ባለ ታክሲ ጓደኛዬ በዚያ ሙቀት ጋቢ ለብሶ ቆሟል። አጠገቡ በርበሬና ሽሮ የሚሸጡት እትዬ አሉ።

«ግቡ እንጂ፣ ተቀመጡ!»

«አንቀመጥም» አለ ጓደኛዬ። «ሽማግሌ ነን።»

«ሴት ሽማግሌ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው?»

«ሦስተኛው ፓርኪንግ አጥቶ ብሎኩን ይዞራል» አሉ እትዬ። «እስኪመጣ ድረስ እኔን ይቻሉኝ።»

ልጅቷ ጥግ ቆማ ወለል ወለሉን ታያለች። ማን እንዳስተማራት እንጃ፤ ሽማግሌ አሳፍሬ እንደማልመልስ ግን ገብቷታል።

«ልጅቷ የመረጠችው ትምህርት ቤት ትሂድ» አለ ጓደኛዬ።

«አገሩ ብርድ ነው» አልኩ።

«ካፖርት ይገዛላታላ!» አሉ እትዬ።

«ብቻዋን ናት።»

«ሐኪም ሆና ሆስፒታል ስታድር ደግሞ፣ ጋሼ፣ አብረዋት ሊያድሩ ነው?»

ልጅቷ ሳቋን ዋጠች። ጓደኛዬ ላቡን እየጠረገ፣ «ስማ፣ ጉልበቴን ታውቀዋለህ። እሺ ሳትል አልቀመጥም፤ ብወድቅ በአንተ ነው» አለኝ።

በሩ ላይ እነሱ፣ ጥጉ ላይ እሷ፤ መሀል ላይ እኔ። እውነቱን ባወጣው ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር፤ ልጅቷ ሐዘኗን ውጣ ትቀርልኝ ነበር። ይህን ስለማውቅ እውነቱን ለራሴ አስቀረሁት።

«እሺ» አልኩ።

ተቀመጡ፤ መረቁ። እሷ ጉልበቴን ስማ ስልኳን አወጣችና እዚያው ነካ ነካ አድርጋ ለኮሌጁ መልስ ሰጠች። አለቀ። ሽማግሌ ፊት የወጣ ቃል አይታጠፍም።

እንግዶቹ ሲሄዱ አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች።

«አባባ፣ ተቆጣህ?»

«ለምን እቆጣለሁ?»

«ሐኪም ቤት ስትገባ ደውልልኝ፣ ኦኬ? ስልኩን ስፒከር ታደርገውና እኔ ካለሁበት አስተረጉምልሃለሁ።»

ለካ ታውቅ ኖሯል።

በአንገቴ እሺ አልኳት። ስፒከሩ በየት በኩል እንደሚከፈት ልጠይቃት ፈልጌ ነበር፤ ድምፄን ስላላመንኩት ተውኩት።