የሁሴን ፊት

ከሚሴ፣ እህል መጋዘን ውስጥ የሌሊት ዘበኛ ነበርኩ። ቀን ቀን የቤቴ ቆርቆሮ እየጋለ እንቅልፍ እምቢ አለኝ፤ ዓይኔ ደም ለበሰ፣ ምግብም አልስማማ አለኝ። ባልደረባዬ ሁሴን ግን እንደኔው ሌሊቱን ቆሞ እያደረ ፊቱ ያበራል። ሚስቴ ደግሞ፣ «እሱ ከሥራ ወጥቶ መስጊድ ነው የሚውለው፤ ፊቱ ኑር አለው» ትለኛለች። የሌላ ወንድ ፊት በሚስቱ አፍ ሲመሰገን የሰማ ሰው ሕመሙን ያውቀዋል።

አንድ ቀን ቅናቱ ቢያንገበግበኝ ተከትዬው መስጊድ ገባሁ። ከምሰሶው ጀርባ፣ ቀዝቃዛው ምንጣፍ ላይ፣ ፊቱን በፎጣ ሸፍኖ ያንኮራፋል። ስነካው አንድ ዓይኑን ገለጠና፣ «አቦ አንተም ተኛ፤ ለዙህር አዛኑ ይቀሰቅሰናል» አለኝ።

ሳምንት ሳይሞላ ሚስቴ አተኩራ አየችኝና፣ «አልሐምዱሊላህ፣ ያንተም ፊት ኑር ለበሰ» አለች።