እስከ ፋሲካ ቆጥ ላይ

አልታዬ እግሯ መቃጠሉን ያወቀችው ከሽታው ነው። ምድጃው ዳር እንደተቀመጠች፣ «ክንፈ፣ ያረረ ነገር ይሸተኛል» አለች። ባሏ ጎንበስ ብሎ ሲያይ ያረረው የእሷው ተረከዝ ነበር።

ስኳር ካደረባት ሰንብቷል፤ እግሯ ሙቀትና ብርድ መለየት ትቷል። የመካነ ሰላም ብርድ ደግሞ ሰውን ከእሳት ጋር ያጣብቃል። ለነገሩ የደነዘዘው እግሯ ብቻ አልነበረም። ልጇ ደሳለው የሞተ ጊዜ እንባ ጠብ አላላትም፤ ለቀስተኛው «አንጀተ ደረቅ» ብሎ አማት። አማት እንጂ አላወቃትም። ያኔ ሁሉ ነገር ከእጇ ሲወጣ ጾሟ ብቻ ቀረላት። ረቡዕና ዓርቡን፣ ፍልሰታውን፣ ሁዳዴውን አንድ ቀን አላጓደለችም።

ደሴ ያከማት ሐኪም ቁስሉን አጽድቶ በስስ፣ ድርብ ነገር ሸፈነላት። ይህ ከያዘ እግሯ እንደሚተርፍ፣ ካልያዘ ግን እንደሚቆረጥ ነገራት። አልታዬ የሰው እግር የተወራላት ያህል «እሺ» አለች። ፊቱን አዙሮ ያለቀሰው ክንፈ ነው።

መካነ ሰላም ከተመለሰች በኋላ የላይ ፋሻዋን የምትቀይርላት ሄለን የምትባል ነርስ ነበረች፤ ሥራዋን የምትወድ፣ ማስረዳት የማይሰለቻት ልጅ።

«ይኸውልዎት እማማ፣» አለቻት አንድ ዓርብ፣ «ከላይ ያለው ላስቲክ መሳይ ፖሊመር ነው። እርጥበቱን ይይዛል፣ ጀርም አያስገባም፤ በኋላ ሐኪሙ ያነሣዋል። ከሥሩ ያለው ደግሞ ከከብት የወጣ ፕሮቲን ነው። አዲሱ ሥጋዎ እሱን ይዞ ያድጋል፤ ከገላዎ ጋር ይዋሐዳል።»

«ከከብት ነው ልጄ?»

«አዎ፣ ከላም ቆዳ። ንጹሕ ነው፣ አይስጉ።»

አልታዬ ሌላ አልጠየቀችም። የንስሐ አባቷን ብትጠይቃቸው «መድኃኒት ነው፣ ባለበት ተይው» ብለው በአንድ ቃል ይገላግሏት ነበር። ግን ከደሳለው ወዲህ ማንንም ምንም መጠየቅ ትታለች። የሚያናድደውም ይኸው ነው፤ ቤተ ክርስቲያኑ ከደጇ ብዙ አይርቅም።

እሑድ ቅበላ ሆነ። ክንፈ ጎረቤት ተጠርቶ ሥጋ ሊበላ ሄደ። እሷ እንደ ወትሮዋ የወተትና የቅቤ ዕቃዎቿን አጥባ፣ አድርቃ፣ በዱላዋ እየተደገፈች ቆጥ ላይ አኖረቻቸው። ከዚያ መደቡ ላይ ተቀምጣ እጇን በሳሙና ታጠበችና ፋሻውን ፈታች። ስሱን ነገር በጥፍሯ ጫፉን ስታነሣው እንደ ፈላ ወተት ስልባቦት ተያይዞ መጣ። አላመማትም። አፍልታ ያቀዘቀዘችውን ውሃ የያዘ ብርጭቆ ውስጥ ጨመረችው፣ በንጹሕ ጨርቅ አፉን አሰረችና ከቅቤው ዕቃ አጠገብ አስቀመጠችው። ቁስሉን ሄለን እንደምታደርገው መልሳ ጠቀለለች። ደስ አላት ማለት አይቻልም፤ ቀለል አላት።

በሚቀጥለው ዓርብ ሄለን ፋሻውን ስትፈታ እጇ ቀጥ አለ። ቁስሉ ጠቁሯል፣ ይሸታል።

«እማማ፣ የነበረውስ?»

«ሁዳዴ ገባ እኮ» አለች አልታዬ፣ ነገሩ ግልጽ እንደሆነ ሁሉ። «የላም ነገር በገላዬ ይዤ እንዴት ልጹም? አልጣልሁትም፣ አስቀምጬዋለሁ።»

ሄለን ቁስሉን በንጹሕ ፋሻ ሸፈነችው። ወጥታ ደሴ ደወለች። ስትመለስ በር ላይ ቆሞ ለሚጠብቃት ለክንፈ፣ «ነገ በጠዋት ይሂዱ፣ ከዚህ በላይ መቆየት የለበትም» አለችው፤ ቀና ብላ ግን አላየችውም። እግሯ የሚቆረጥ መሆኑን ክንፈ ከዚያው ተረዳ።

በማግስቱ ሚኒባሱ ከመምጣቱ በፊት አልታዬ ነጠላዋን አጣፍታ ደጅ ቆመች።

«ክንፈ፣ ያን ብርጭቆ ከቆጥ አውርድልኝ። ለፋሲካ እግሬ ላይ ይመልሱልኛል።»

ክንፈ ሊነግራት አፉን ከፈተ። ፊቷን አየና ተወው። ገብቶ ብርጭቆውን አወረደ፤ አቀስታ ከተማን አልፈው ደሴ እስኪገቡ ድረስ ውሃው እንዳይፈስ በሁለት እጁ ጭኑ ላይ ይዞት ተቀመጠ።