ያልተሰካው ስፒከር

«ሰው ገድሎ የመጣ ይማራል፣ ሰርቆ የመጣ ይማራል፣ እኔ ግን በአንድ ቃል የምሕረት በር ለዘላለም ተዘጋብኝ! ይሄ ፍርድ ነው? ንገሪኛ እታለም፣ ይሄ ፍርድ ነው?»

ቮልቴጅ ይሄን ሲጮህ ቀኝ እጁ በሙጫ ተጨማልቋል፣ በግራው ደግሞ እህቱ የወረወረችለትን ዳቦ ይዟል። እታለም ግን የስፌት መኪናዋን መርገጧን አላቆመችም።

«ዳቦህን ጉረስ። ሲኦል በባዶ ሆድ አይገባም።»

«ትቀልጂያለሽ!»

«ታዲያ አብሬህ ደረቴን ልምታ? ደንበኛ ሬዲዮውን ታቅፎ በር ላይ ቆሞ ‹ሰውዬው ዛሬም ተረግሟል እንዴ?› ብሎ ይመለሳል እኮ!»

የሚሠሩትም የሚኖሩትም እዚችው አንድ ክፍል ውስጥ ነው። የመስኮቱ በኩል የእሷ ነው፣ የግድግዳው በኩል የእሱ። ድንበር ግን የላቸውም። የእሷ መርፌ እሱ ሬዲዮ ውስጥ ይገኛል፣ የእሱ ብሎን እሷ ኪስ ውስጥ። የስፒከር ወረቀት ሲቀደድ ከእሷ ቁርጥራጭ ጨርቅ መርጦ በሙጫ ይለጥፈዋል። እንደሱ ተለጥፎ የዳነ ስፒከር በሰፈሩ ሞልቷል።

ቮልቴጅ ያሉት ልጅ ሳለ ነው። ኮረንቲ ይዞ አሽቀንጥሮ ሲጥለው ተነስቶ እየሳቀ «ድገሙኝ» አለ፣ በቃ፣ ስሙ ተለጠፈበት። ከዚያ ወዲህ ድምፅ ያለው ነገር ሁሉ በእጁ ያልፋል። በአፉም ያልፋል። የቤት አከራዩን ከነነጠላ ጫማው ኳኳታ ያመጣዋል። የጸሎት ቤቱን ሰባኪ ከነሳሉ፣ «እህ እህ፣ ወንድሞቼ» ሲል ዓይንህን ጨፍነህ ብትሰማው ባርኔጣህን ታወልቃለህ።

ጸሎት ቤቱ ውስጥ ድምፅ ማጉያውን የሚቆጣጠረው እሱ ነበር። ከመጋረጃ ጀርባ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ደፍቶ ይቀመጣል። አንድ የሙከራ ማይክ አለው። እሱን ዘግቶ፣ ሰባኪው አንድ ቃል ሲል እሱ በሰባኪው ድምፅ ሌላ ቃል ይጨምራል፣ ብቻውን ሰምቶ ብቻውን ይስቃል። ማንንም አልጎዳም ነበር። እስከዚያ ቀን ድረስ።

አትክልት ሻጯን ሁሉም ያውቃታል። ባሏን ከቀበረች ጀምሮ ቃል ከአፏ አልወጣም። ሽንኩርቱን የምትሸጠው በጣቷ እያሳየች ነው። የዚያን ቀን በጸሎት መሃል ከወንበሯ ብድግ አለችና፣ ለራሷም እንግዳ በሆነ ድምፅ፣ «ሰማኸኝ» አለች። አዳራሹ በእልልታ ሊፈርስ ደረሰ።

ቮልቴጅ አፉን ወደ ማይኩ አስጠጋ። በሰባኪው ድምፅ፣ ከነሳሉ፣ «እህ እህ፣ ይሄ የመንፈስ ቅዱስ ሥራ አይደለም። ሰይጣን ነው ያናገራት» አለ።

ማይኩን መዝጋት ረስቶ ነበር።

ሰባኪው መድረኩ ላይ አፉን ገጥሞ ቆሟል፣ ድምፁ ግን ከላዩ ላይ እየተናገረ ነው። ሰው ሁሉ አየ። ከዚያ ትልቁ ስፒከር እንደታረደ በግ ጮኸና ወረቀቱ ተቀደደ። አትክልት ሻጯ ተቀመጠች። ከዚያ ወዲህ እንደገና በጣቷ ነው።

«ሰባኪው ራሳቸው ነግረውሃል» አለች እታለም። «‹ልጄ፣ ያንን የማይሰረየውን ኃጢአት፣ መንፈስ ቅዱስን መስደብን፣ የሠራ ሰው ከነጭራሹ አይጨነቅም፣ መጨነቅህ ራሱ ምልክት ነው› ብለውሃል። አሁን ምን ቀረህ?»

«ሁሉንም አልነገርኳቸውም።»

«ምኑን?»

ዳቦውን አስቀመጠው። «ቀልድ አልነበረም እታለም። ድምጿ በማዳመጫው ሲገባ ሰውነቴ ውርር አለኝ። እውነት መሆኑን አውቄያለሁ። ይሄን ግድግዳ እንደማውቀው ነው ያወቅኩት። ዕድሜዬን ሙሉ የቀለድኩበት ነገር ከኋላዬ መጥቶ የቆመ መሰለኝ። እንዲሄድልኝ ብዬ ነው ያልኩት። እያወቅኩ ነው ያልኩት።»

የስፌት መኪናው ቆመ።

ፀጥ ሲል ሁለቱም ሳይፈልጉ ስፒከሩን አዩት። ያው የተቀደደው ነው፣ ሊጠግነው አምጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦታል። በጥቁር ጨርቅ ተለጥፏል። ሽቦው ተቆርጧል፣ ከምንም ጋር አልተገናኘም።

«ዛሬም ተነፈሰ?» አለች፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

«ከጠዋት ጀምሮ። ሊናገር ሲል ሰው አየር እንደሚስበው። ይስባል፣ ግን አይናገርም። አንድ ቀን ያንን ቃል መልሶ ይለዋል።»

እታለም ስለ ጨርቁ የምታውቀውን አልነገረችውም። አትክልት ሻጯ ስለከሳች ጥቁር ቀሚሷን አጥብባ እንድትሰፋላት ሰጥታት ነበር፣ እሱ ከቅርጫቷ የመዘዘው ቁራጭ ከዚያ ቀሚስ የተረፈ ነው።

«እንወራረድ» አለች በድንገት። «ሴትዮዋ ቀሚሷን ልትወስድ አሁን ትመጣለች። ፊቴ ይቅርታ ጠይቃት። ትናገራለች እላለሁ። ከተናገረች እሁድ ጸሎት ቤት ትሄዳለህ፣ መጋረጃ ጀርባ ሳይሆን ፊት ወንበር ላይ።»

«ስፒከሩ ከቀደማትስ?»

«ያኔ አልጨቀጭቅህም። ወንድሜ ጠፍቷል ብዬ አርፌ እቀመጣለሁ።»

«አትይም እታለም።»

«እልሃለሁ። እጅህን አምጣ።»

ሙጫው እጅ ለእጅ አጣበቃቸው። ገና ሳይላቀቁ በሩ ላይ ጥላ ወደቀ።

አትክልት ሻጯ ገባች። ቮልቴጅ ጎንበስ አለ። የሚናገርበትን ድምፅ ፈለገ፣ የሰባኪው መጣለት፣ ዋጠው። የአከራዩም መጣ፣ እሱንም ዋጠው። መጨረሻ ላይ የወጣው የራሱ ቀጭን ድምፅ ነበር፣ እህቱ እንኳ ከሰማችው የቆየ።

«እትዬ፣ ያን ቃል የተናገርኩት እኔ ነኝ። ይቅር ይበሉኝ።»

ሴትዮዋ እሱን አየችው። ከዚያ ስፒከሩን አየች፣ ጥቁሩን ጨርቅ። ቀስ ብላ ተጠጋችና መዳፏን በላዩ አሳረፈች፣ የራሷን ልብስ እንደምትዳስስ ሰው።

ያኔ ክፍሉ ውስጥ አንድ ትንፋሽ ተሳበ፣ ሊናገር ሲል ሰው አየር እንደሚስበው።

«ስፒከሩ ነው!» አለ ቮልቴጅ በሹክሹክታ።

«እሷ ናት!»

«ደረቷ መች ተነሳ?»

«ወረቀቱስ መች ተነቃነቀ? ዝም በል፣ የተወራረድነው በትንፋሽ አይደለም፣ በቃል ነው።»

ሁለቱም አንዴ አፏን፣ አንዴ ስፒከሩን አዩ። የተሳበው ትንፋሽ ገና አልተመለሰም።