ባለቤቴ ያሳለፈው ስፒከር

ባለቤቴ ፓን ዴሹን የወርቅ ጆሮ አለው። ይህን የምለው እኔ አይደለሁም፤ እኔማ «ሩዙ በሰለ፣ ና ብላ» ብዬ ሦስቴ ተጣርቼ ካልመጣ ሄጄ ትከሻውን የምነቀንቅ ሴት ነኝ። የሚሉት ኢንተርኔት ላይ የሚከተሉት አርባ ሺህ ሰዎች ናቸው። ለኮምፒውተራቸው ስፒከር የሚፈልጉ፣ ኪሳቸው ግን ከመቶ ዩዋን በላይ የማይፈቅድላቸው ሁሉ «መምህር ፓን ምን አለ?» ሳይሉ አይገዙም። ከመቶ ዩዋን በላይ የሆነውን እሱም አይነካም። ሀብታም የራሱን ጆሮ ይቅጠር ይላል።

እዚህ ዶንግጓን ከተማ ከሁለት ሰው አንዱ ስፒከር ገጥሟል፣ ሌላው ካርቶኑን አሽጓል። ፓን ግን አልገጠመም፣ አላሸገም፤ አዳምጧል። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ ፋብሪካ ውስጥ፣ ግድግዳው ስፖንጅ በለበሰ፣ ቁም ሣጥን በሚያክል ክፍል ተቀምጦ ከወፍራም ተነስታ ወደ ቀጭን የምትወጣ አንዲት ፉጨት ሲሰማ ኖረ። ስፒከሩ ፉጨቷን ሳይርገበገብ ከጨረሰ ያልፋል፤ ትንሽ ካንኮሻኮሸ ወደ ቆሻሻ ይጣላል። በቀን ሁለት ሺህ ስፒከር እንዲህ ሰምቶ ቤት ሲገባ እኔን ለመስማት ይደክመዋል። ቢሆንም ተመስገን ነው፣ የስንቷ ባል ሰክሮ ይገባባታል።

ጡረታ ሲወጣ አሁን ቤቴ ጸጥ ይላል ብዬ ነበር። ወዴት ተብሎ! በወሩ ሳሎኑ በካርቶን ተሞላ። ስፒከር ሠሪ ሁሉ «መምህር ይዳኙልኝ» እያለ ይልክለታል፤ እሱ ደግሞ አዲስ ስፒከር ሳይፈላ አይዳኝም ባይ ነው። ማፍላት ማለት መቶ ሰዓት ያህል ሳያቋርጡ ማጫወት ነው። ሰማንያ ዘጠኝ ዩዋን የሚሸጠውን ፕላስቲክ እንደ በሬ ሻኛ እየቀቀለ ያለሰልሰዋል። የሚያጫውተውም ሁሌ ያንኑ ነው፦ ዝናብ፣ ከበሮ፣ ከዚያ በጀልባ ጥሏት ለሄደ ሰው የምታለቅስ ሴት። እሷ መቶ ሰዓት ስታለቅስ እኔ ሽንኩርት እየከተፍኩ አግዛታለሁ። ታችኛዋ ጎረቤታችን በመጥረጊያ እንጨት ጣሪያዋን ትደበድባለች፤ ፓን አይሰማትም።

ከፈላ በኋላ ፍርዱ ይጻፋል። «መካከለኛው ድምፅ እርጥበት አለው። ወፍራሙ ተረጋግቶ ተቀምጧል። ቀጭኑ ትንሽ ይቸኩላል፣ ግን ጨዋ ነው።» ለልጃችን ባል ስንፈልግ እንኳ እንዲህ አልተጠነቀቀም። ሰዉ ግን ያነባል፣ ያምናል፣ ይገዛል።

ችግሩን ያወቅሁት ከሁለት ዓመት በፊት፣ በሙቀቱ ወር ነው። በረንዳ ላይ ተቀምጠን ሻይ እየጠጣን «ዘንድሮ ፌንጣው ጠፋ፣ እነዚህ ሕንፃ ሠሪዎች መርዝ ረጭተው ጨረሱት» አለኝ። እኔ እሱ የሚለውን ለመስማት ወደ አፉ ጠጋ ያልኩት እኮ በፌንጣው ጩኸት ነው። ደነገጥኩ። ወፍራሙን ይሰማል፣ መሀከለኛውን ይሰማል፤ ቀጭኑ ግን ጥሎት ሄዷል። ያቺ ፉጨት ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ስትበሳው ኖራ በመጨረሻ ደመወዟን ወስዳለች። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ የፓን ጆሮ መክዳቱን እኔ አወቅሁ፣ ታችኛዋ ጎረቤታችን ጠረጠረች፣ ያልሰማ እሱ ብቻ ነው።

ታዲያ ምን ላድርግ? ሰውየው ከጆሮው ሌላ የሚኮራበት የለውም። ሹራብ መሥሪያዬን ይዤ አጠገቡ መቀመጥ ጀመርኩ። ስፒከሩ ሲሲሲ ሲል ስሰማ «እኔ መሃይሟ ምን አውቃለሁ፣ ግን ይሄ ነገር ትንኝ ገብቶበታል እንዴ?» እላለሁ። እሱ ዓይኑን ጨፈን ያደርግና «ልናገር ስል ቀደምሽኝ» ይላል። ከዚያ «ለሠለጠነ ጆሮ ብቻ የሚታወቅ ቀጭን ፉጨት አለበት» ብሎ ይጽፋል። የሠለጠነችው እንግዲህ እኔ ነኝ። አንድም ቀን ስለዚህ ነገር ተነጋግረን አናውቅም። ሁለት ዓመት እንዲሁ ሆነ፤ ተከታዮቹም ሃያ ሺህ የነበሩት አርባ ሺህ ገቡ።

አሁን ወደ ቹንዪ ልምጣ። ቹንዪ በአሥራ ስምንት ዓመቷ ከጉይዦ ተራሮች መጥታ ፓን እጅ ላይ የወደቀች ልጅ ናት። ማዳመጥ ያስተማራት እሱ ነው። ዛሬ ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው፤ ከጎማ ቤት በላይ ባለ ፎቅ ላይ አሥራ አንድ ሠራተኛ ይዛ የራሷን ሥራ ጀምራለች። እስካሁን ለሌላው ስትገጥም ኖራ ዘንድሮ ለመጀመሪያ ጊዜ በራሷ ስም የኮምፒውተር ስፒከር ሠራች። ያላትን ሁሉ፣ ወንድሟ አገር ቤት ቤት ሊሠራበት ያስቀመጠውንም ጭምር አስገባችበት። ዕቃው ገበያ ሄዶ ከተመለሰባት ሥራዋን ዘግታ የሰው ፋብሪካ ተቀጥራ ትገባለች፤ ወንድሟም ቤቱን በሕልሙ ይሠራል።

ናሙናውን ፓን ዘንድ ያመጣችው እኔ በሌለሁበት ነው። እህቴ ታማ ሻውጓን ሄጄ ዘጠኝ ቀን ቆየሁ። ስመለስ ፓን ፈገግ ብሎ ጠበቀኝ። ብቻውን አፍልቶ፣ ብቻውን ዳኝቶ አሳልፎታል። «ጸጥታው በረዶ የጣለበት ሜዳ ነው» ብሎ ጽፏል፤ በረዶ የጣለበት ሜዳ በዕድሜው አይቶ አያውቅም። ቹንዪም በደስታ ፎቶውን ካርቶኑ ላይ አትማዋለች። አራት ሺህ ካርቶን ላይ ባለቤቴ ጉንጩን ቀይ ተቀብቶ፣ ጣቱን ጆሮው ላይ አድርጎ ይስቃል። ሐሙስ መኪና መጥቶ ሊጭን ረቡዕ ቹንዪ ሥራ ቦታ ምሳ ተጠራን።

የተጠበሰ ዝይ፣ በእንፋሎት የበሰለ ዓሣ፣ ቅጠላ ቅጠሉ ሁሉ ቀርቧል። ጠረጴዛው መሀል ሁለቱ ስፒከሮች እንደ ሙሽሮች ተቀምጠዋል። መብራት ተሰክቶላቸዋል፣ ሙዚቃ ግን አልተከፈተም፤ ፓን ስለ ጸጥታው ንግግር ሊያደርግ ነዋ። እኔ ገና ወንበር ስስብ ሰማኋት። ሲሲሲ የምትል ትንኝ። ሠራተኞቹን አየሁ። አንዷ ልጅ ፀጉሯን ጆሮዋ ላይ ደጋግማ ትመልሳለች። ሌሎቹ ሳህናቸውን ትኩር ብለው ያያሉ። ፓን ስለ በረዶው ያወራል።

እጄን ልታጠብ ብዬ ቹንዪን ወደ ቧንቧው ወሰድኳት።

«ይቺን ነገር ትሰሚያታለሽ?» አልኳት።

አልካደችም። «ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እሰማታለሁ እትዬ» አለችኝ። «መብራቱ ከሚገባበት ሳጥን ውስጥ ናት፤ የመዳብ ሽቦ ጥቅሏን ከሌላ ሰው ነው የገዛነው።»

«ታዲያ አራት ሺህ ካርቶን ስታሽጊ ምን ነክቶሽ ነው?»

«ጋሼ ንጹሕ ነው አሉ» አለች። «እሳቸው ካልሰሙ የኔ ጆሮ ነው የታመመው ብዬ ሐኪም ቤት ሄድኩ። ጆሮሽ ደህና ነው አሉኝ። ከዚያ በኋላማ እንዴት አድርጌ ልንገራቸው?»

እግዜር ያሳያችሁ። ልጅቷ የመምህሯን ፊት ከምታጠቁር ሥራዋን ብትቀብር መርጣለች። አሥራ አንዱም ሠራተኛ እንደሷ። በዚያ ቤት የሰማ ሁሉ ዝም ብሎ፣ ያልሰማው ብቻ ይናገራል።

ተመልሼ ተቀመጥኩና የለመድኩትን ሞከርኩ። «እኔ መሃይሟ ምን አውቃለሁ፣ ግን እዚህ ቤት ትንኝ አለ እንዴ?» አልኩ። ሌላ ቀን ቢሆን ዓይኑን ጨፈን ያደርግ ነበር። ያን ቀን ግን ፎቶው አራት ሺህ ቦታ ታትሟል፤ ደግሞ ብርጭቆውን ጨብጦ ቆሟል። «ባለቤቴ ላንፌን ከእህቷ ቤት ትንኝ ይዛ መጣች» አለ። ሁሉም ለአክብሮት ያህል ሳቁለት። ያን ጊዜ ተናደድኩ። በሱ ይሁን በራሴ አላውቅም፣ ብቻ ተናደድኩ።

«አትሰማም፣ ፓን» አልኩት። «ስፒከሩ ይጮኻል። አንተ አትሰማም።»

ሳቁ ቆመ። እሱ ብርጭቆውን አስቀምጦ፣ ሃያ ስድስት ዓመት ያዳመጠን ሰው ሹራብ ሠሪ አታርመውም አለ። እኔም እንግዲያው ፊትህን ወደ ግድግዳ አዙር አልኩት።

ይህ የማዳመጫ ክፍሉ ደንብ ነው። ጠዋት ሥራ ሳይጀመር አዳማጮቹ ሁሉ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞራሉ፤ ከኋላ ሰው ደህናውንና ብልሹውን እያፈራረቀ ያሰማቸዋል፤ ብልሹውን የሰማ እጁን ያነሳል። ሁለት የሳተ ያን ቀን አይሠራም፣ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ጉንፋን ይዞኝ ነው ማለት አያድንም። ደንቡን ያወጣው ፓን ነበር፤ ቹንዪንም ሁለት ጊዜ እያለቀሰች መልሷታል።

«እትዬ፣ ይተዉት» አለች ቹንዪ። ፓን ግን ሳቅ ብሎ ተነሳና ከቀን መቁጠሪያው አጠገብ ግድግዳውን ፊት ለፊት ቆመ። እኔ ሶኬቱ ሥር ተንበረከክሁ። ሰካሁት፤ ትንኟ ጮኸች፣ እጁ አልተነሳም። ነቀልኩት። እንደገና ሰካሁት፤ አሁንም አልተነሳም። ሁለት ሳተ። ነቅዬው ዝም ብዬ ቆየሁ። ዝምታው በዝቶበት መሰለኝ፣ ያን ጊዜ ቀስ ብሎ እጁን አነሳ። ልክ ነው የሚለውን ሰው እየጠበቀ እጁን እንዳነሳ ቆየ። ማንም አልሳቀም። ልክ ነው ብዬው ቢሆን ኖሮ ቤቴ በሰላም እገባ ነበር፤ ለሁለት ዓመት የምሠራውም ይኸንኑ አልነበር?

«ተነቅሏል» አልኩት።

እጁን አወረደ። ሲዞር ፊቱ ካርቶኑ ላይ ካለው ሰው ጋር ምንም አይመሳሰልም። ቹንዪን ትሰሚዋለሽ ወይ ብሎ ጠየቃት፤ እሰማዋለሁ አለችው። ከመቼ ጀምሮ ቢላት፣ ናሙናውን ቤትዎ ካመጣሁ ቀን ጀምሮ አለች። ለምን አልነገርሽኝም ግን አላላትም። ወደኔ ዞረ።

«አንቺስ? ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቂው?»

«ሁለት ዓመት ሆነኝ።»

«እንግዲያው ትንኙን ሁሉ የሰማሽው አንቺ ነሻ» አለ። «እኔ አስቀድሜ የሰማሁ ይመስለኝ ነበር። ብትነግሪኝ ኖሮ ዳኝነቱን ትቼ ዓሣ አጠምድ ነበር። ይቺ ልጅ ያመነችው የኔን ጆሮ አይደለም፤ ያንቺን ነው። አንቺ ደግሞ እህትሽ ቤት ነበርሽ።»

  ክብሩን ጠበቅሁለት ብዬ በልቤ ስመጻደቅ ነው የኖርኩት፤ ለካ ልጅቷ የተደገፈችበትን ምሰሶ በሹራብ ክር አስሬ ያቆምኩት እኔ ነኝ። አፈርኩ። ዝዩ ጠረጴዛው ላይ ቀዘቀዘ።

ፓን መኪናው ነገ እንዳይመጣ ደውይ አላት። እዚያው ደወለች። ገዢው ጮኸ፣ ጩኸቱ ለኛም ተሰማ፤ በመጨረሻ ግን ሁለት ሳምንት ሰጣት። በሁለት ሳምንት ጥቅሏ እንደምትቀየር ሠራተኞቹ እርስ በርስ ተያይተው ተስማሙ። አንዱም ሩዝ መጨለፍ ጀመረ።

ፓን ግን አልተቀመጠም። ስፒከሩን ከጠረጴዛው አንስቶ ጆሮው ላይ ለጠፈው። ወደ ሌላው ጆሮው አዞረው። ከዚያ ቹንዪን «ድምፁ ምን ይመስላል?» አላት።

ልጅቷ ጠጋ አለች። እሱ እንዲሰማው ድምፁን አወፍራ፣ በጥርሷ መሀል፣ ጆሮው ሥር አፏጨችለት። ዓይኑን ጨፍኖ ሰማት፤ የዛን ቀን የምሩን ነው የጨፈነው።

«ይሄንንማ ብሰማው እጥለው ነበር» አለ።

«አዎ ጋሼ» አለችው፣ «ይጥሉት ነበር።»